ጉንዳንን በወገቧ መለየት

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት፣ "ሥራ ለቀቅሽ አሉ፤ ለመሆኑ ምን ነበር የምትሠሪው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ጉንዳን እለይ ነበር" አልኳት።

"ከምን?"

"ከጉንዳን።"

ጁባ ውስጥ እኛ ሐበሾች ወይ ሆቴል አለን፣ ወይ ሆቴል ውስጥ እንሠራለን፣ ወይ ደግሞ ከድርጅት መኪና እንወርዳለን። ጉንዳን መለየት የሚባል ሥራ ሰምታ ስለማታውቅ የቀለድኩባት መስሏት ነጠላዋን አጣፍታ ጥላኝ ሄደች። እኔ ግን አልቀለድኩም። ይህን የምጽፈው እሷም ብታነበው ብዬ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ልጄ ሩት ፊደሉን እያየች ታርምልኛለች።

ወደ ጁባ ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር፣ እትዬ ትርንጎ ሆቴል ወጥ ቤት ነበር። ባሌ ሞቶብኛል፤ ሩት ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። እትዬ ትርንጎ ደግ ሴት ነበሩ። ሩትን በወጥ ቤቱ በር ላይ አስቀምጬ እንድሠራ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። አንድ አመል ብቻ ነበረባቸው፤ ውሃ የማይጨምሩበት ነገር የለም። ወጡ ላይ ውሃ፣ ወተቱ ላይ ውሃ። "ጁባ ሙቀት ነው፣ ሰው ውሃ ያስፈልገዋል" ይሉ ነበር።

እኔ ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ተመልሼ እፈትሻለሁ። ምስር ለቅሜ ስጨርስ ሰፌዱን አዙሬ እንደገና እለቅማለሁ። የስኳሩን ጠረጴዛ ጉንዳን ሲወረው ጊዜ አራቱንም እግሮች ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ አቁሜ ቆርቆሮውን በውሃና በዘይት ሞላሁት። ጉንዳኖቹ እዚያ እየገቡ ይሞታሉ፣ ስኳሩ ይተርፋል።

ኡስታዝ ኦቻላ እዚያ ሆቴል ምሳ የሚበሉ ሰው ነበሩ። ኡስታዝ በጁባ ዓረብኛ መምህር ማለት ነው። አኙዋክ ናቸው፤ ጋምቤላ አድገው አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። አንድ ቀን እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ሲያልፉ ቆርቆሮዎቼን አይተው ቆሙ።

"ይኼን ማን ነው ያደረገው?"

የሚቆጡ መስሎኝ፣ "እኔ ነኝ ጌታዬ፣ ስኳሩን እየወረሩት" አልኩ።

በዚያ በተተኮሰ ሱሪያቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አንገታቸው ላይ በጫማ ማሰሪያ የተንጠለጠለ ማጉያ መስታወት ነበራቸው። ከዘይቱ ውስጥ አንዲት ጉንዳን በክብሪት እንጨት አውጥተው መዳፋቸው ላይ አኖሩና መስታወቱን ሰጡኝ።

"ምን ታያለሽ?"

"ጉንዳን።"

"እሱንማ እኔም አየሁ። ወገቧን እዪ።"

በደረቷና በሆዷ መካከል ቀጭን ወገብ አለ። ወገቡ ላይ ሁለት ጉብታ አየሁ። ነገርኳቸው።

"አሁን ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪ። እሺ፣ አሁን እንደገና እያት።"

"ሁለት ነው ጌታዬ። ቅድምም ሁለት ነበር።"

"ቅድም ሁለት ስላልሽ ነው እንደገና እዪ ያልኩሽ።"

እትዬ ትርንጎ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው፣ "ኡስታዝ፣ ሠራተኛዬን በጉንዳን ሊያስኮበልሉብኝ ነው?" አሉ። ኡስታዝ ሳቁ። ግን የሆነው እንደዚያ ነው። በ2008 ዓ.ም. ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ጉዴሌ ሰፈር የሚገኘው የነፍሳት ጥናት ክፍል ውስጥ ተቀጠርኩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጽዳት ነበር፤ የሠራሁት ግን መለየት ነው።

ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ ደጁ ላይ ኒም ዛፍ አለ። ሰው የሚነክሱና የሚወጉ ነፍሳትን ለማወቅ የተከፈተ ነው። የወባ ትንኙን ሌሎች ሰዎች ሌላ ቦታ ይሠሩታል፤ ጉንዳኑ የኡስታዝ ድርሻ ነበር። ሠራተኞቹ ሦስት ነን፤ ኡስታዝ፣ እኔና ላዶ። ላዶ የባሪ ጎሣ ሰው ነው፤ የአምስት ልጆች አባት፣ መኪና ይነዳል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ቀኑን ሙሉ ያሾፋል። አማርኛ የተማረው ከሐበሻ ሆቴሎች ስለሆነ መጀመሪያ ያወቀው "ጨምሪልኝ" የሚለውን ነው።

ኡስታዝ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ጉንዳን ሁሉ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ብዙ ቤቶች አሉ። በትምህርቱ ንዑስ ቤተሰብ ይባላል፤ እኛ ግን "ቤት" ነበር የምንለው። ከየቤቱ ወገኖች፣ ከየወገኑ ደግሞ ዝርያዎች ይወጣሉ። ከሁሉ ይበልጥ የምንፈልገው አንዱን ቤት ነበር። ስሙ ፖኔሪኔ ነው፤ ኡስታዝ የአዳኞቹ ቤት ይሉታል።

"አድነው ነው የሚበሉት" አሉኝ። "ምስጥ፣ ትል፣ ትንንሽ ሸረሪት። ብዙዎቹ ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ብቻቸውን ይወጋሉ፣ ያገኙትንም ብቻቸውን ተሸክመው ይገባሉ።"

"ጎረቤት አይጠሩም?"

"አይጠሩም። እንደ አንቺ ናቸው።"

መለየቱ ከወገብ ይጀምራል። አዳኞቹ ወገባቸው ላይ አንድ ጉብታ ብቻ አላቸው፤ እህል የሚያግዙትና ስኳር የሚወሩት ብዙዎቹ ሁለት አላቸው። ግን አንድ ጉብታ ያላት ሁሉ አዳኝ አይደለችም፤ መውጊያ የሌላቸው፣ አሲድ የሚረጩ ባለ አንድ ጉብታዎችም አሉ። ስለዚህ ከወገብ ወደ ሆድ ይታለፋል። የአዳኞቹ ሆድ ከመጀመሪያው ቀለበት ቀጥሎ ገባ ይላል፤ ጥብቅ አድርጋ መቀነት የታጠቀች ሴት ይመስላል። አንዳንዷ ላይ በግልጽ ይታያል፣ አንዳንዷን ወደ ብርሃን ማዞር ያስፈልጋል። ከዚያ የሆዷ ጫፍ ላይ መውጊያው ይፈለጋል። መንጋጋዋ መጨረሻ ነው የሚታየው። መንጋጋ ከወገን ወገን በጣም ስለሚለያይ፣ የአንዷ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ የሌላዋ አጭርና ሦስት ማዕዘን ስለሚሆን፣ ከእሱ የጀመረ ሰው ይሳሳታል። ኡስታዝ ጭንቅላቷን ሳይ ካገኙኝ ሳህኑን ያዞሩብኝ ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት የንግሥቲቱን ነገር ነው። በሌሎቹ ቤቶች ንግሥት ከሠራተኞቹ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ ከአዳኞቹ በብዙዎቹ ዘንድ ግን ትንሽ ከፍ ማለቷ ነው እንጂ መልኳ እንደ ሠራተኞቹ ነው። መኖሪያቸውም ጠባብ ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ ያሉት የአንድ ግቢ ሰው ያህል ናቸው። ሰው የሚነክሰውን ሁሉ ገብረ ጉንዳን ይላል። ገብረ ጉንዳን ሌላ ቤት ነው። ዓይን የለውም፣ ነዋሪው ስፍር ቁጥር የለውም፣ ንግሥቱንና ልጆቹን ይዞ ከቦታ ቦታ ይዞራል።

እጄ ሥራውን ቶሎ ለመደ። ነጭ ሳህን ላይ አልኮል በስሱ ማፍሰስ፣ ጉንዳኖቹን መበተን፣ በወረንጦ ከእግራቸው ሳይሆን ከደረታቸው መያዝ፣ ወደ ብልቃጥ መመለስ። በየብልቃጡ የት ቦታ እንደተያዘች የሚናገር ብጣሽ ወረቀት ይገባል፤ በእርሳስ ነው የሚጻፈው፣ አልኮል ቀለም ያጥባል። ሥራው ምስር እንደ መልቀም ነው። ለዚህ ነው የተሳሳትኩትም።

አንድ ጠዋት ከጉዴሌ ወጣ ብለን ሜዳ ላይ ጥቁር ጉንዳኖች በሰልፍ ወደ ምስጥ ኩይሳ ሲሄዱ አገኘን። ትልልቅም ትንንሽም ነበሩበት። እኔ እንደ ለመድኩት ትልልቁን በአንድ ብልቃጥ፣ ትንንሹን በሌላ ለቀምኩ።

"ለምን ለየሻቸው?" አሉ ኡስታዝ።

"ትልልቆቹ ሌላ ዓይነት ናቸው ብዬ ነው።"

"አንቺንና ሩትን አንድ ላይ ያየ ሰው ሁለት ዓይነት ናቸው ይበል? ወገባቸውን አይተሻል?"

አየሁ። ትልቋም ትንሿም አንድ ጉብታ፣ አንድ መቀነት። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ብልቃጦቹን አንድ ላይ አፈሰስናቸው።

ከዚያ፣ "ዝም በሉና ስሙ" አሉን። ጎንበስ ስንል ሰልፉ ድምፅ አለው፤ የጋለ ብረት ላይ የውሃ ጠብታ ሲወድቅ እንደሚሰማው ነው። ወገባቸውና ሆዳቸው ሲፋተግ የሚወጣ ድምፅ ነው አሉ። ሲመለሱ እያንዳንዷ ምስጥ ይዛለች። አንዳንዷ የያዘችው ግን ምስጥ አልነበረም፤ እህቷን ነበር። እግሯ የተቆረጠ፣ የምስጥ ጭንቅላት የነከሳት እህቷን።

"ሊበሏት ነው?" አልኩ።

"ሊያስታምሟት ነው። ስትድን ተመልሳ ታድናለች።"

ላዶ ወገቡን ይዞ ቀና አለና፣ "ማማ ሩት፣ እኔ ብቆስል ትሸከሚኛለሽ?" አለኝ።

"አንተን? ሆድህን ለብቻው ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው።"

"ወላሂ ጉንዳን ትሻላለች!"

ከኡስታዝ አመል ከሁሉ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ካዩ በኋላ ስም አይናገሩም። ወረንጦውን ያስቀምጣሉ፣ በመስኮቱ ኒሙን ያያሉ። ቅጠል ቅጠሉን የሚቆጥሩ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ተመልሰው እንደገና ያያሉ። "ዓይን አንድ ነገር ካሰበ እሱኑ ነው የሚያየው" ይሉኛል፤ "አሳርፊውና መልሺው።" ላዶ ከኋላ ሆኖ ኒሙን በእጁ እያመለከተ፣ "ኡስታዝ፣ ስሟ እዚያ ተጽፏል?" ይላቸው ነበር። ሳይቆጡ፣ "አንዳንድ ቀን" ይሉታል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ጁባ ውስጥ ተኩስ ሲነሳ ኡስታዝ ቤተሰባቸውን ለማየት ጋምቤላ ሄደው ነበር። እኔና ሩት ሙኑኪ በተከራየነው ክፍል አልጋ ሥር ተኝተን አሳለፍነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ከተማው ጸጥ ሲል፣ መንገዱ ሲከፈት፣ ከላዶ ጋር ጉዴሌ ሄድን። መስኮቱ ተሰብሯል። አልኮሉ ከነጀሪካኑ ተወስዷል። ብልቃጦቹን የሚፈልጋቸው ሰው አልነበረም፤ ተበታትነው፣ ክዳናቸው ላልቶ፣ በዚያ ሙቀት እየደረቁ ነበር። የዚያ ክረምት ሥራ በሙሉ ነው። ከወንዙ ዳር የተለቀመ፣ ከሙኑኪ ግቢዎች የተለቀመ።

አልኮል የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም። ኡስታዝን በስልክ ለማግኘት ሞከርኩ፣ መስመር የለም። ሳስበው አደርኩና በማግስቱ ሀይ ጀላባ እትዬ ትርንጎ ጋ ሄድኩ። አረቄ ነበራቸው፤ ከተኩሱ ደብቀው ያተረፉት። ስለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው፣ "ለጉንዳን?" ብለው አማተቡ፤ ግን ሰጡኝ። ላዶ ክዳን ሲከፍት እኔ ስሞላ ዋልን። ለሩት መድኃኒት እንደምሰጣት ተጠንቅቄ ነው የሞላሁት። ቤቴ ስገባ ከተኩሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ኡስታዝ የተመለሱት ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከፍተው አሸተቱ። ከዚያ ነጩ ሳህን ላይ ገለበጡት። ጭንቅላት ለብቻ፣ ሆድ ለብቻ፣ እግር ለብቻ ወረደ። ውሃው ደፍርሷል። ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛው እንደዚያው። አረቄ ድሮውንም ለዚህ ሥራ አይበረታም፤ የእትዬ ትርንጎ ደግሞ እንደ ወጣቸው ነበር።

አልጮኹብኝም። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ "አስካለ፣ እንደ ደረቁ ብትተያቸው ኖሮ ይሻል ነበር። ደርቃም ወገቧ ይታያል፤ የበሰበሰች ግን ወገብ የላትም" አሉ።

"እኔ እንዳይደርቁ ፈርቼ..."

"አውቃለሁ። ፍርሃትሽ ለሥራው ጥሩ ነው። ስትፈሪ ግን እጅሽ ቶሎ ይነሳል።" ከዚያ ወረንጦውን አነሱ። "በመጪው ዝናብ እንደገና እንለቅማለን። ሙኑኪም እንሄዳለን።"

ሙኑኪ ከመድረሳችን በፊት ጉንዳኗ ደረሰች።

በ2009 ዓ.ም.፣ ሩት አሥር ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ግቢያችን ካለው ቧንቧ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ግቢውን አራት ቤተሰብ ነን የምንካፈለው። "እማዬ፣ የእግሬን ጣት የሆነ ነገር ወጋኝ" ብላ ገባች። ጉንዳን ነው፣ ይተዋል ብዬ እግሯን አጠብኩላት። አጥቤ ሳልጨርስ አንገቷ ቀላ፣ ሰውነቷ ሁሉ ሽፍ አለ፣ ከንፈሯ አበጠ። ከዚያ "አየር አጣሁ" አለችኝ።

ጎረቤቴ ማማ ኪደን የኔን ጩኸት ሰምታ ወጥታ መንገድ ላይ የሚያልፍ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ በሁለት እጇ አስቆመች። ሩትን በእኔና በነጂው መካከል አድርገን በረርን። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ነርስ ገና ከበር ስታያት መርፌ አነሳች፤ ጭኗ ላይ ወጋቻት። የሩት ትንፋሽ እስኪመለስ ድረስ የእኔም አልነበረም።

ሐኪሙ ኋላ ጠርቶ በግልጽ ነገረኝ። የልጅሽ ሰውነት ይህን መርዝ አይችልም፤ ሌላ ጊዜ ከተወጋች ከዚህ ሊብስ ይችላል። መርፌው ከነመድኃኒቱ እንዴት እንደሚወጋ አሳይቶ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሁልጊዜ እንድይዝ ሰጠኝ። "ምን እንደወጋት ታውቂያለሽ?" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጉንዳን ስለይ የምውል ሴት፣ አላውቅም አልኩት።

ግቢ ስንመለስ ሰው ሁሉ ሊረዳኝ ነጭ ጋዝ ይዞ ጠብቆኛል። ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች ይኖሩ ነበር፤ እነሱ ላይ አፈሰሱት። እኔም አፈሰስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩትን ወፍራም ካልሲና ቦት ጫማ አድርጌ ነበር የማውላት። በጁባ ሙቀት። ከአልጋ እንዳትወርድ እከለክላታለሁ።

"እማዬ፣ በቦት ጫማ ልተኛ?"

"ተኚ።"

"እስከ መቼ?"

ዕቃዬን ሸክፌ አገሬ ልመለስ አሰብኩ፤ ግን ምን እንደወጋት ካላወቅሁ እዚያስ እንደማትኖር በምን አውቃለሁ?

ኡስታዝ ሰምተው ከላዶ ጋር ራሳቸው መጡ። ነጭ ጨርቃቸውን ግቢው መካከል ዘርግተው ቁጭ አሉ። ማማ ኪደን አፍራ፣ "ኡስታዝ፣ ወንበር ላምጣ?" አለች።

"ጉንዳን ወንበር ላይ አትሄድም" አሏት።

ጋዝ ያፈሰስንባቸውን ትልልቆቹን አይተው አዘኑ። "እነዚህ ምስጥ የሚበሉ ናቸው። የወጓት ግን አይመስለኝም" አሉና ሩትን ጠየቋት፤ "ትልቅ ነበረች?"

"አላየኋትም ኡስታዝ። በጣቶቼ መካከል ነበረች። ትንሽ መሰለችኝ።"

"ከሙኑኪ ግቢዎች የለቀምነው ቢኖር..." ብለው ጀመሩና ተዉት። አልጨረሱትም። እኔ ጨረስኩት፤ በልቤ።

ያን ቀን ግቢውን ስንፈትሽ ቧንቧው ሥር ትንንሽ ጥቁር ቡናማ ጉንዳኖች የዱራ፣ ማለትም የማሽላ፣ ፍሬ ተሸክመው ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ሲገቡ ላዶ አየ። ማማ ኪደን ዱራዋን የምታጥበው እዚያ ነው። "ማማ ሩት፣ እነዚህስ?" አለኝ። "ተዋቸው፣ እህል አጋዦች ናቸው። ባለ ሁለት ጉብታዎቹ ናቸው" አልኩት። አላየኋቸውም። ሸክማቸውን አይቼ ነው የተናገርኩት።

ምንም ሳናገኝ ቀኑ አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ሩት አልጋዋ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ ተቀምጠን ማማ ኪደን ዱራ ስታጥብ አያለሁ። ጉንዳኖቹ ሰልፍ ገቡ። ፍሬ፣ ፍሬ፣ ፍሬ። ከዚያ አንዷ የሞተ ዝንብ ይዛ አለፈች። ከኋላዋ ሌላዋ የምስጥ ጭንቅላት። እህል ብቻ የምትበላ ጉንዳን ዝንብ ምን ይሠራላታል?

ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። ወረንጦ ቤት ስላልነበረኝ በቅንድብ መንቀያዬ ከደረታቸው እየያዝኩ ለቀምኳቸው። ሩትን ለማማ ኪደን አደራ ሰጥቼ በቦዳ ጉዴሌ ሄድኩ።

ሳህኑ ላይ አፈሰስኳቸውና አንዷን ለየሁ። ጭንቅላቷን አላየሁም። ወገቧን አየሁ። አንድ ጉብታ። ወረንጦውን አስቀመጥኩ። ኒሙን አየሁ። ቅጠሉን፣ ቅርንጫፉን፣ ቅርንጫፉ ላይ ያለችውን ወፍ። ተመለስኩ። አንድ ጉብታ። ወደ ብርሃኑ አዞርኳት፤ ሆዷ ላይ መቀነት አለ፣ ስስ ግን አለ። የሆዷን ጫፍ ጫን ስለው መውጊያዋ ወጣ።

ኡስታዝን ጠራኋቸው። አጎነበሱ፣ አዩ፣ ቀና ብለው ኒሙን አዩ። ያን ቀን በጣም ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። ላዶ እንኳ አላሾፈም። ተመልሰው አዩና፣ "አንቺ በዪ" አሉኝ።

"የአዳኞቹ ቤት ናት።"

"እህሉስ?"

"እህልም ትበላለች መሰለኝ። ወገቧ ግን አዳኝ ናት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "አውቃታለሁ፤ ስሟን ያገኘችው ከሴናር ነው። ከአዳኞቹ ሁሉ እህል የምትወድ እሷ ናት፤ ሰው ቤት አጠገብ፣ እርጥብ ቦታ፣ ግድግዳ ሥር ትኖራለች። ብዙ ሰው ብትወጋው ያመዋል እንጂ ምንም አይለውም። እንደ ሩት ያሉ ጥቂቶች ላይ ግን ትከፋለች። ትላንት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር፤ እኔም ትልልቆቹን ነበር የማየው።"

"ሴናር የት ነው?"

"ሰሜን ሱዳን። የእናንተ ዓባይ የሚያልፍበት።"

"ዓባይን ይዛ ተከትላኝ መጣች በሉኛ" አልኩ። ከዚያ ማልቀሴ ይሁን መሳቄ አላውቅም፤ ላዶ ሻይ አመጣልኝ።

አሁን የምፈራው ነገር መልክ ነበረው። መልክ ያለው ፍርሃት ሥራ ይሰጣል።

የከበደው ማማ ኪደንን ማሳመን ነበር። ያ ቦታ የእሷ ነው፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ዱራ ታጥብበታለች።

"ልጅሽን የወጋት ዱራዬ ነው እያልሽኝ ነው?" አለችኝ ወገቧን ይዛ።

"ዱራሽ አይደለም ማማ ኪደን። ዱራሽን ሊወስዱ የሚመጡት ናቸው።"

"እነሱማ አዳኝ ናቸው አልሽኝ። አዳኝ ዱራ ይበላል? አንበሳ ዱራ ይበላል?"

አብረውኝ የመጡት ኡስታዝ ማጉያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧት። ለረጅም ጊዜ አየች። ፍሬውን በመንጋጋዋ ይዛ የምትታገለውን አየች። ከዚያ መስታወቱን መለሰችና፣ "ሌባ" አለች። "ከላስ፣ በቃ፤ ነገ ቦታ እቀይራለሁ።"

ዱራው ከግቢው በር አጠገብ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ላስቲክ ላይ መታጠብ ጀመረ። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ላዶ ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ በቆረጠው ጎማ ጠፍሮ አሰረው። ስንጥቁ ውስጥ የፈላ ውሃ ደጋግመን አፈሰስን፣ ከዚያ በሲሚንቶ ደፈንን። ሽንት ቤቱ ጋ ጋዝ ያፈሰስንበትን ቦታ ተውነው፤ ትልልቆቹ ግን እስኪመለሱ ምስጡ የማማ ኪደንን የበር መቃን በላው። እሱን ላዶ ቀየረላት። እኔ በየሳምንቱ ቧንቧው ሥር የተጠበሰ አሣ ቁራጭ እያስቀመጥኩ ማን እንደሚመጣ እጠብቅ ነበር። የመጡትን ሁሉ ወገባቸውን አየሁ። ጨርሰው ጠፉ አልልም፤ ከግቢው በስተጀርባ፣ ከአጥሩ ውጪ አሉ። ግን የት እንዳሉ አውቃለሁ። የግቢው ልጆችም ሁሉ ያውቃሉ፤ ከቦት ጫማ ይልቅ እሱ ይሻላል። ሩት ቦት ጫማዋን አውልቃ በነጠላ ጫማ ቧንቧ ጋ የሄደች ቀን ማማ ኪደን ከቤቷ ወጥታ እልል አለች።

ያቺ ጉንዳን ከሙኑኪ የተለቀመች ተብላ በብልቃጥ ተቀመጠች፤ በአልኮል፣ በእርሳስ ከተጻፈ ወረቀት ጋር። ሐኪሙም መጥቶ አያት። ከዚያ ወዲህ ተወግቶ ያበጠ ሰው ክሊኒክ ሲመጣ ምን እንደወጋው መጠየቅ ጀመሩ፤ የወጋችውን ይዞ የመጣ ሰው ካለ ወደ እኛ ይልኩልናል።

በ2010 ዓ.ም. ዓይኔ ጭጋግ ጀመረው። መጀመሪያ የማይክሮስኮፑ መስታወት የቆሸሸ መስሎኝ አብዝቼ እጠርግ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጉንዳን ላይ ሁለት ጉብታ አየሁ። ኒሙን አይቼ ስመለስ አንድ ሆነች። ደግሜ አየሁ፣ ሁለት። ተነሥቼ ኡስታዝ ጠረጴዛ ጋ ሄድኩና፣ "ከእንግዲህ የኔን ቃል አይመኑ" አልኳቸው። እዚህ ሥራ ላይ አንድን ሁለት ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። መነጽር አሠሩልኝ፣ ረድቶኛል፤ እያየሁ ለመጻፍ በቃኝ። ለጉንዳን ወገብ ግን አልበቃም።

በእኔ ቦታ የማማ ኪደን ታናሽ እህት ገባች። ማንጎው ሥር ዱራ ስታበጥር አይቻት ነው ለኡስታዝ የነገርኳቸው። አንድ ፍሬ አያመልጣትም። ላዶ አሁን "ማማ ሩት ስትሄድ ሆዴን የሚሸከም ጠፋ" ይላል አሉ።

ትላንት ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሩት ማንጎው ሥር ከፈሰሰ ዱራ አጠገብ አንዲት ጉንዳን አየች። ኡስታዝ የሰጧትን አሮጌ ማጉያ ይዛ፣ ላስቲክ አንጥፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ተነሣሁ። በጨርቅ የጠቀለልኳት መርፌ እጄ ውስጥ ነበረች።

"እማዬ፣ አትምጪ። እያየሁ ነው።"

አጎነበሰች። አየች። አሁን ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ የማንጎውን ቅጠል ማየት ጀመረች። ቆየች። ልጅ ናትና ረስታው ነው ብዬ ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ተመልሳ አጎነበሰች።

"ሁለት ጉብታ" አለች።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።